ያልተነበበው ማስታወቂያ

የአካባቢ ሬዲዮን ማማት ግብር የማይከፈልበት ጨዋታ ነው። ዜናው ስብሰባ፣ ዘፈኑ የድሮ፣ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ። እኔም አምቼዋለሁ። በሕዝብ ገንዘብ ሬዲዮ ከሚነገርበት ማዳበሪያ ቢገዛበት አይሻልም ወይ ብዬ በአደባባይ የተናገርሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ያን ንግግሬን ልሽር ነው የተቀመጥሁት።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ደብረ ማርቆስ ላይ ሞተች፤ ስምንት ወር የሆናት ልጅ ትታልኝ። ሕመሟን እዚህ አላወራም። አባቷ አያ ታምሩ ከሮብ ገበያ ወዲያ ማዶ ነው የሚኖሩት። በዚያ በኩል ስልክ ከጠፋ ሰንብቷል። ቀብሩ ለማግሥቱ ስድስት ሰዓት ተቆርጧል። ምን ላድርግ? ሮጬ ሬዲዮ ጣቢያው ሄድሁና የሐዘን ማስታወቂያ ጻፍሁ፤ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነቀበሌዋ። ሐዘን ሰውን ያበስላል ይላሉ፤ እኔን ግን አጃጃለኝ።

ጋዜጠኛዋ ሰላማዊት የዚያው የሮብ ገበያ ልጅ ናት። ወረቀቱን አንብባ አባቷ በሕይወት አሉ ወይ አለችኝ። አሉ አልኋት። ሬዲዮስ አላቸው? እንዴታ! ሲያርሱ ከቀንበሩ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ በሬዎቹ ሳይቀሩ የዜና ሰዓት ያውቃሉ፤ ከእናንተ ጣቢያ ሌላ አይከፍቱም ብዬ እንደ ምስጋና ነገርኋት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያም፣ «አንተ፣ ለአባት የልጁ መርዶ በሬዲዮ ይነገራል? ማሳ መሃል ብቻቸውን ሆነው ቢሰሙት ማን ይይዛቸዋል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። መርዶ እኮ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ዙሪያውን ቆሞ ነው የሚነገረው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሐዘን ጌጥ አይሆንም፤ ብቻውን የተሸከመውን ግን ይሰብራል።

ሰላማዊት ወረቀቴን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ሌላ ጻፈች። የዚያ ቀበሌ የእድር ሽማግሌዎች ነገ ሊነጋ ሲል ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲገኙ፣ ከማርቆስ የሚመጣ ሰው እንደሚያነጋግራቸው በቀትሩ ፕሮግራም ተነገረ። ስም የለ፣ ሞት የለ። ይህን የሰማ ያገሬ ሰው ነገሩ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። የከተማው ትልቅ ጣቢያ አገር ሙሉ አድማጭ አለው፤ የአያ ታምሩን ቀንበር ግን ከየት ያውቀዋል? የሕዝብ ገንዘብ በከንቱ ይበላል ብዬ ያማሁት ሰውዬ፣ ያን ቀን የሰላማዊት እንጀራ ይባረክላት አልሁ።

አንድ ነገር ግን ሁለታችንም ዘንግተናል። አያ ታምሩ ራሳቸው የእድሩ ሽማግሌ ናቸው! ማስታወቂያውን ሰምተው፣ የሰው ሐዘን ሊያስተዛዝኑ ከሁሉም ቀድመው ተገኝተዋል። ከሞተር ስወርድ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ማን ቤት ነው የምንሄደው ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ቀረብ ብለው ፊቴን ሲያዩ ጥያቄያቸውን አልጨረሱትም። ሊወድቁ ሲሉ ግን አሥራ አንድ ሰው ያዛቸው።

ከአርባዋ በኋላ የጣቢያው በጀት ይቀነስ ወይስ ይቀጥል የሚል ስብሰባ ሮብ ገበያ ላይ ተጠራ። ከበላይ የመጡት ኃላፊ ጣቢያው በማስታወቂያ ገቢ ራሱን ይቻል አሉ። የማን ማስታወቂያ? እኛ ያለን ድንች ነው፤ ድንች ደግሞ ሳይተዋወቅም ይበላል። ይህንኑ ልናገር ልጄን ታቅፌ ተነሣሁ። አያ ታምሩ ግን ቀድመውኝ ካጠገቤ ብድግ አሉ። ኃላፊውም፣ አባቴ፣ እርስዎ ከዚህ ጣቢያ ምን ሰምተዋል ብለው ጠየቋቸው።

«ልጄ መሞቷን አልሰማሁም» አሉ አያ ታምሩ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተቀመጡ።

ያገሬው ሰው አንገቱን ደፋ። ሰላማዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኃላፊው ግን በጣም ደንግጠው ማስታወሻቸው ላይ ረዘም ያለ ነገር ጻፉ። ከወር በኋላ ውሳኔው መጣ፤ በጀቱ አልተቀነሰም። እንዲያውም በአካባቢው ከባድ የሥርጭት ችግር መኖሩ ከአንድ ሐዘንተኛ አባት አንደበት ስለተረጋገጠ፣ ለአዲስ አንቴና መትከያ ተብሎ ተጨመረበት።