የሁለት አርፋጆች ጸሎት

(ኢየሩሳሌም፣ ማለዳ። በአንዲት ትንሽ ምኩራብ ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች እያለከለኩ ይደርሳሉ። አንዱ ዳቦ ጋጋሪው ጌጽል ነው። ዛሬ የአባቱ ሙት ዓመት ስለሆነ የሙታኑን ጸሎት፣ ቃዲሽን፣ ሊያደርስላቸው መጥቷል። አሥር ወንድ ካልተሟላ ደግሞ ቃዲሽ የለም። ሌላው የእህቱ ባል ዙንደል ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፤ ይህን የሚናገረውም ራሱ ነው።)

ጌጽል፦ ኧረ እንግባ ዙንደል!

ዙንደል፦ ዝም ብሎ መግባት የለም! ያረፈደ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚዘል ማወቅ አለበት።

ጌጽል፦ እኔማ ቁርሴን ዘልያለሁ።

ዙንደል፦ ወይ አንተ! ጸሎት ነው የሚዘለለው! ከመዝሙሮቹ ዋናውን ትይዛለህ፣ የቀረውን ትተህ ጉባኤው ላይ ትደርሳለህ። ቁም ነገሩ የቁም ጸሎቱን ከሰው እኩል መጀመር ነው።

ጌጽል፦ የተዘለለውስ? ተዘሎ ቀረ?

ዙንደል፦ ኋላ ትመለስበታለህ።

ጌጽል፦ ኋላማ ዳቦዬ ያርራል።

ዙንደል፦ አባትህ በሰማይ ቃዲሽ ይጠብቃሉ፣ አንተ ዳቦ ትላለህ!

ጌጽል፦ እኮ፣ ለእሳቸው ብዬ እኮ ነው እንግባ የምልህ! አሁን የት ደርሰው ይሆን?

ዙንደል፦ (ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ) ሽሽሽ! ትንፍሽ የሚል የለም። አለቀልን! የቁም ጸሎት ላይ ናቸው!

ጌጽል፦ በምን አወቅህ?

ዙንደል፦ በጸጥታው ነዋ! የቁም ጸሎት በለሆሳስ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ምኩራብ የምትመጣው ወንበር ልታሞቅ ነው?

ጌጽል፦ ግን እኮ አንዱ ሲያዛጋ ሰማሁ።

ዙንደል፦ ተመስጦ ነው!

ጌጽል፦ በሩን ገርበብ አድርጌ ልይ?

ዙንደል፦ እንዳትሞክራት! በሚጸልይ ሰው ፊት አይታለፍም። እኔ እዚሁ ቆሜ እደርስባቸዋለሁ፤ አንተ እያየህ ተማር።

(ዙንደል የጸሎት ኩታውን ተከናንቦ መዝሙሩንም ምርቃቱንም ያንበለብለዋል፤ ጌጽል አንዲት ቃል እንኳ መያዝ አልቻለም። ከዚያ ዙንደል እግሮቹን ገጥሞ ቀጥ ይላል፤ የቁም ጸሎቱን እስኪጨርስ መናገርም መራመድም አይፈቀድለትም።)

ጌጽል፦ ዙንደል፣ እኔስ ምን ላድርግ?

ዙንደል፦ እምም!

(በሩ ይከፈታል። የምኩራቡ አገልጋይ፣ ሽማግሌው ፋይቪሽ፣ ብቅ ይላሉ።)

ፋይቪሽ፦ ጌጽል! እዚህ ተገትረህ ነው? መዝሙሩን ጨርሰን ስምንት ሆነን ከተቀመጥን ቆየን እኮ!

ጌጽል፦ የቁም ጸሎት ላይ አልነበራችሁም እንዴ?

ፋይቪሽ፦ አሥር ሳንሞላ? ሁለት ሰው እየጠበቅን አፋችንን ይዘን ቁጭ! ዓሣ ሻጩ ወደ ገበያ ልሂድ ብሎ ካፖርቱን ደርቧል። እሱ ከወጣ የአባትህ ቃዲሽ ቀረ በል!

ጌጽል፦ ዙንደል! ሰማህ? ግባ እንጂ!

ዙንደል፦ እምምም! (ቅንድቡን ሽቅብ ቁልቁል ያደርጋል።)

ፋይቪሽ፦ ምን ሆኖ ነው?

ጌጽል፦ እናንተ ላይ ሊደርስ እየሮጠ ነው።

ፋይቪሽ፦ (ራሳቸውን ይዘው) አይ አዋቂ! ግዴለም፣ እየጸለየም ቢሆን ከአሥሩ ይቆጠራል። ብቻ ከደጃፉ ወዲህ ይግባልን።

ጌጽል፦ እሱን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ከዱቄት ጆንያ አይከብድም። አባባ ፋይቪሽ፣ እርስዎ እግሩን ይያዙልኝ፣ እንዳይላቀቅ!

(ዙንደል እግሩ እንደ ተገጠመ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ እንደ ቁም ሳጥን በሁለቱ ሸክም ይገባል። ዓሣ ሻጩ ካፖርቱን ያወልቃል።)

ፋይቪሽ፦ ተመስገን፣ ሞላን! ጌጽል፣ ወደ ፊት ውጣና አንተው ምራን። አባትህ ይስሙህ!

ጌጽል፦ እሺ አባባ፣ አንዴ ብቻ። (ወደ ዙንደል ጆሮ ጠጋ ብሎ) ያረፈደው ምን እንደሚያደርግ አስተምረኸኛል። ጉባኤውን ጥሎ የቀደመውስ፣ እኛ ሮጠን እንድረስበት ወይስ እሱ ወደ ኋላ ይመለስልን?

ዙንደል፦ እም…