የግድግዳው ካርቶን

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሁለት ልብስ ሰፊዎች በአንድ ክፍል ይሠሩ ነበር። ጋሽ ወሰኔ ሙያውን ከፈረንሳዮች፣ ጋሽ ሰዒድ ደግሞ ኤደን ተሻግረው ከእንግሊዞች ተምረዋል። ሲከራከሩ ነው የሚውሉት፤ በአንድ ነገር ግን ተስማምተው ኖረዋል። የባቡር ነጂ ጃኬት ሲሰፉ ሰው አይለኩም። ግድግዳው ላይ በጃኬት ቅርጽ የተቆረጠ አንድ ካርቶን ተሰቅሏል፤ ጨርቁ በካርቶኑ ይቆረጣል፣ አለቀ።

ኢክራም የባቡር ትኬት ሻጭ ነበረች። ወደ ሰፊዎቹ የመጣች ዕለት፣ በማግስቱ ጠዋት በነጂነት ልትፈተን ነው። ያለ ደንብ ልብስ ባቡሩ ላይ አትወጣም፤ ከራሷ በላይ ያለውን የፍሬን እጀታ ካልሳበች ደግሞ ወደ ትኬት መስኮቷ ትመለሳለች። ሁለተኛ ዕድል የለም።

በካርቶኑ የተሰፋላትን ጃኬት ለብሳ እጇን አነሳች። ብብቷ ላይ ያዛት።

«እጄ አይነሳም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ወሰኔ ጎንበስ ብለው የጃኬቱን ጫፍ አዩ። «የጎደለው እዚህ ነው» አሉና አራት ጣት ጨርቅ ቀጠሉበት። «የኔ ልጅ፣ ፈረንሳይ የሴት ሙያ ስም ሲጽፍ እንኳ መጨረሻው ላይ ፊደል ይጨምራል። አለዚያ የሴት መሆኑ በምን ይታወቃል?»

ጋሽ ሰዒድ ሳቁ። መቀስ አንስተው ቅጥያውን ቆረጡት። «እንግሊዝ ያንን ጭራ መጣል ከጀመረ ቆየ። ለወንዱም ለሴቷም አንድ ስም ይበቃል ብሏል። በይ፣ አሁን እኩል ሆነሻል።»

እጇን አነሳች። ያው ነው።

«ጫፉ ግን አምሮብሽ ነበር» አሉ ጋሽ ወሰኔ፣ ቁራጩን ከመሬት እያነሱ።

ኢክራም ካርቶኑን አየችው። «ይሄ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። የነጂ ነው።»

«ለሱ ምን ቀጠላችሁለት?»

«ለሱማ ምን ይቀጠላል?» አሉ ጋሽ ሰዒድ። «በሱ ልክ አይደል እንዴ የተቆረጠው!»

ብለው ወደ ካርቶኑ ዞሩ። ኢክራም ሌላውን ደንበኛ የሚለኩበትን ሜትር ከአንገታቸው ላይ አውርዳ አቀበለቻቸው፤ ከዚያ ፍሬን እንደሚስብ ሰው እጇን ሰቅላ ቆመች።

«ጫፉን ተዉትና ከትከሻዬ ጀምሩ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኢክራም በልኳ በተሰፋው ጃኬት ፈተናውን ማለፏ ተሰማ። ጋሽ ሰዒድ በእሷ ልክ የቆረጡትን አዲስ ካርቶን ከአሮጌው ጎን ሰቀሉና «የሴት ነጂ» ብለው ጻፉበት። ጋሽ ወሰኔ ጥቂት ቆመው አዩት። ከዚያ እርሳሱን ተቀብለው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይጻፍበት የኖረውን ካርቶን አወረዱና «የወንድ ነጂ» ብለው ጻፉበት።