ዜና ኤኖ ቲደማን፣ በመደቡ ላይ ሰባት ቀን ያዩትና የጻፉት

በአሥራ አንደኛው ዓመተ ጡረታ፣ አዲሱ ማሞቂያ በሕንፃው በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ በሃምቡርግ ወደብ አርባ ዓመት ክሬን ሲያዘዋውሩ አንዲት ሣጥን እንኳ ያልጣሉት፣ ባለ ግርማው፣ ባለ ሰማያዊ ቆቡ ኤኖ ቲደማን፣ ከፋሲካ ጀምሮ አንጀታቸው ሲጮህ ቢሰነብት ወደ ሐኪማቸው ወረዱ። ሐኪሙም ሆዳቸውን ዳብሰው፣ ሰባት ረድፍ ያለው ወረቀት ሰጥተው እንዲህ ሲሉ ደነገጉ፦ «ሰባት ቀን የአጃ ገንፎ ብቻ ይብሉ፤ በየጠዋቱ የወጣውን አይተው ቅርጹንና ቀለሙን ይጻፉ። የፍየል በጠጥ ከመሰለ ድርቀት ነው፤ እንደ ሾርባ ከፈሰሰ አንጀትዎ ተቆጥቷል፤ እንደ ሙዝ ለስልሶ ቡናማ ከሆነ እሰየው። ቀይ ወይም እንደ ሬንጅ ጥቁር ካዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉልኝ።»

ለዚህ ዘመቻ የኤኖ ቤት የታደለ ነበር። ሽንት ቤታቸው ከእናታቸው የወረሱት ባለ መደብ፣ ከመቀመጫው ሥር ከውኃው በላይ ጠፍጣፋ እርከን ያለው የድሮ ዓይነት ነውና፣ የወጣው ዓይነ ምድር ውኃ ውስጥ ሳይሰጥም በደረቁ መደብ ላይ በክብር ያርፋል፤ ባለቤቱም መነጽሩን አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ እስኪያሰናብተው ይጠብቃል። ታላቅ ወንድማቸው ሃርም ግን አዲሱን ዓይነት አስገብቶ፣ ሁሉ ነገር በቀጥታ ወደ ጥልቁ እየወረደበት፣ ዓመት ሙሉ ደሙን ሳያይ ቆይቶ፣ ባወቀው ጊዜ መሽቶበት ነበር። ኤኖ ይህን ለማንም አያወሩም። በየጠዋቱ ግን ያስቡታል፣ ይፈሩታልም።

እመቤት ቪብከ፣ የመስኮቶች ጠባቂ፣ የሽታ ባላጋራ፣ የኤኖ ሚስት፣ ያንን መደብ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲረግሙት ኖረው፣ አከራዩ በነጻ አዲስ አስገባላችኋለሁ ቢል ከሕንፃው ሁሉ ቀድመው ፈረሙ። ቀኑም ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተቆረጠ፤ ይኸውም የምርመራው ሰባተኛ ቀን ነበር። ኤኖ ጥቂት ይራዘም ብለው ቢማጸኑ፣ ከወጥ ቤት ይህ አዋጅ ወጣ፦ «በዚህ ከተማ ቧንቧ ሠራተኛ እስኪመጣ አራት ወር ነው የሚጠበቀው፣ ሰምተሃል? ለአንተ ካካ ብዬ ሰውዬውን አልመልስም!»

ወእምዝ ዘመቻው ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን በጠጥ ሆነ፤ ኤኖ አዘኑ፣ ጻፉም። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው የተሰነጣጠቀ ቋሊማ መሰለ። በአራተኛው ግን ለስላሳ፣ ቡናማ፣ እንከን የለሽ ሙዝ በመደቡ ላይ አርፎ ቢያገኙት፣ ውኃ መልቀቁ አሳዝኗቸው ብዙ ቆሙ፤ እመቤት ቪብከንም ኑና እዩልኝ ብለው ቢጠሩ፣ «በሩን ዝጋ!» የሚል አዋጅ ብቻ ተመለሰላቸው።

በአምስተኛው ቀን ፈተና መጣ። የኳስ ማንከባለል ማኅበራቸው አርበኞች፣ እነርሱም ሩዲ ዘጉልበቱ ብረት፣ ኳሱን ሁልጊዜ ወደ ጎን የሚሰደው ካርስተን፣ አንዲት ካፖርት የሚዋዋሱት ሁለቱ መንትዮች፣ ወደብ አጠገብ ለምሳ ጠሯቸው። ምሳውም ላብስካውስ ነበር፤ የጨው ሥጋ ከድንችና ከቀይ ሥር ጋር ተደፍጥጦ፣ የተጠበሰ እንቁላል ተደፍቶበት፣ ተጨማሪ ቀይ ሥር በጎኑ። ኤኖ የሐኪሙን ድንጋጌ አስታወሱ፤ ከገንፎ በቀር አልቀምስም ብለው ለቪብከ የማሉትን አስታወሱ፤ ሁለት ሳህን በሉ። ቤት ገብተውም በወረቀቱ ላይ «የአጃ ገንፎ» ብለው ጻፉ።

በስድስተኛው ቀን መደቡ ባዶውን ዋለ። ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ቀይ ሆነ። ኤኖ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው ቢያዩት ያው ቀይ ነው። ሃርም ፊታቸው ላይ ድቅን አለባቸው። በማዕበል ቀን ክሬን ላይ ያልፈሩት ሰው በሌሊት ልብሳቸው መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

እመቤት ቪብከ ገብተው አዩ። አልጮሁም፤ የባላቸውን ራስ በሆዳቸው ላይ አስደግፈው ለሐኪሙ ቤት ደወሉ። የሐኪሙ ረዳትም «ቀይ ሥር በልተዋል እንዴ?» ብትላቸው፣ አራት ፎቅ የሚያናውጥ አዋጅ አሰሙ፦ «ገንፎ ነው የበላው! እኔው ነኝ የሠራሁለት! ቀይ ሥር እዚህ ቤት ድርሽ አላለም! ባሌ ሊሞትብኝ ነው፣ አንቺ ስለ አትክልት ትጠይቂኛለሽ?»

ያን ጊዜ ሁለቱ ሳህኖች ለኤኖ ትዝ አሏቸው። ነፍሳቸው መለስ አለች፤ ወዲያውም የቪብከን ቁጣ አስባ ተመልሳ ደነገጠች። ዝም ብለው ሆዳቸውን በሐኪም መሣሪያ ከማስፈተሽና ከመናዘዝ የትኛው እንደሚቀል ብዙ መዘኑ። በመጨረሻም ከክሬን ዘመናቸው ሁሉ የሚበልጠውን ጀግንነት ፈጸሙ፦ «ቪብከዬ፣ ላብስካውስ በልቻለሁ። ሁለት ሳህን። የጎኑንም ቀይ ሥር ጨርሼ።»

«አንተ ውሸታም ሽማግሌ! ነፍሴን እኮ አወጣሃት!» ብለው በፎጣ መቷቸው፤ በዚያው ፎጣም ዓይናቸውን ጠረጉ። ረዳቷ በስልኩ ውስጥ እየሳቀች፣ ለማንኛውም ጥቂት በዕቃ ይዘው እንዲመጡና እንዲመረመር አዘዘች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ቧንቧ ሠራተኛው ነጩን አዲስ መቀመጫ ተሸክሞ፣ እያለከለከ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። እመቤት ቪብከም በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ይህን ዜና የጻፈው የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት ሳይቀር እየሰማ፣ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «መልሰህ ውሰደው፣ ልጄ! ይሄ መደብ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሸቶኛል፤ አንድ ቀን ግን አልዋሸኝም። የዋሸኝ ባሌ ነው!»

ዕቃው ለምርመራ በተሰጠ በአራተኛው ቀን ደም የለም የሚል ቃል ከሐኪሙ መጣ። እንግዲህ ሞገስ ይሁን ለኤኖ ቲደማን፣ አምስተኛውን ረድፍ ሰርዘው «ላብስካውስ፣ ሁለት ሳህን» ብለው በገዛ እጃቸው ላረሙት፤ ሞገስ ለእናታቸው መደብ፣ የእውነት ዙፋን ለሆነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሞገስ ግን ለእመቤት ቪብከ፣ ከዚያች ሐሙስ ወዲህ በየጠዋቱ ሳይጠሩ መጥተው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ አፍንጫቸውን ይዘው፣ ከባላቸው ጎን ጎንበስ ብለው ለሚያዩት።