የእርሾ ጠበቃው መምህር ሰውአገኝ

እግዚአብሔር ሰፈር ሲፈጥር ውሃና መብራት ቢረሳ እንኳ፣ ሁሉን አዋቂ አንድ ሰው ማስቀመጥ አይረሳም። የኛ የፀዳ ሰፈር መንገዱ ገና ጠጠር አልለበሰም፤ ሁሉን አዋቂው ግን ከሁላችን በፊት ቤት ሠርተው ጠበቁን። ክቡር መምህር ሰውአገኝ፤ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ የስኳር ሊቅ፣ የእርሾ ጠበቃ።

ሻይ ቤት ተቀምጠው ስኳር ከጨመሩ አያማስሉም፤ መጀመሪያ ያስተምራሉ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይሉና ይጀምራሉ። እርሾ የገበያውን ስኳር እንዳለ አይውጥም አሉ፤ ኢንዛይም የሚባል መቀስ ወደ ውጭ ይልክና ለሁለት ይቆርጠዋል። ቆዳው ላይ ደግሞ ስኳር የሚቀምስ ዘበኛ አለው። ግሉኮስ የሚባለው ቀላሉ ስኳር መጣ ብሎ ዘበኛው ከተናገረ፣ እርሾ የሌሎቹን ስኳሮች መቀስ መሥራት እንኳ ያቆማል። «ዶሮ ወጥ ቀርቦ ሳለ ሽሮ የሚነካ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርሾ ያውቃል!» ይህን ሲጨርሱ ሻዩ ቀዝቅዟልና አስተናጋጇ ሌላ ታመጣላቸዋለች።

ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ ንፍሮ እየቆረጠሙ ስለ ስኳር ጣፋጭነት አስረድተው ያውቃሉ። ሟቹ በስኳር በሽታ መሞታቸውን ያስታወሳቸው አልነበረም።

ልጄ ሳሪት ልትዳር ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ ባለቤቴ አባይነሽ ጠጅ ልትጥል ተነሣች። ማሩን ወንድሟ ከትክል ድንጋይ ነው የላከላት። የዓመቱ ማር ሁሉ ያ ነበር፤ ሁለተኛ የለም። በኛ ቤት ወንድ ጋን አጠገብ ሥራ የለውም፤ መምህሩ ግን የመጡት በሳይንስ ስም ነው።

«ከጌሾና ከማር ጋር ራሱ በሚመጣ የዱር እርሾ ሠርግ ይደገሳል እንዴ?» አሉ። በእሳቸው ትእዛዝ ጋኑ በፈላ ውሃ ተለቀለቀ፣ ብርዙም ጌሾውም እሳት ላይ ተጣደ። ተቀድቶ ጋን እንደገባ ከሱቅ የገዙትን የዳቦ እርሾ ይዘው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«አያ ሰውአገኝ፣ ገና ይፋጃል እኮ። ምነው ትንሽ ቢታገሱ?» አለች አባይነሽ።

«እርሾ ያውቃል!» ብለው ገለበጡት።

ስለ ስኳር ያን ሁሉ የሚያውቀው ፍጥረት እዚያው ተቀቀለ። ሳምንት ሙሉ ጋኑ ዝም አለ። አባይነሽ ብትቀምሰው የሕፃን ሽሮፕ ሆኗል። «ሰው ጠርቼ የማር ውሃ ላጠጣ ነው? የልጄ ሠርግ መሣቂያ ሊሆን ነው?» ብላ አለቀሰች። እኔም «የአዋቂ አጥፊ» እያልኩ የመምህሩን ስም በየደጁ አዞርኩ፤ እዳር እስከ ዳር የቀረኝ ቤት የለም።

መምህሩ ሁለት ቀን ጠፉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሚኒባስ ወርደው በራችንን አንኳኩ። ለካ ኮሶዬ ድረስ ሄደው ከማያውቋት ጠጅ ሻጭ የጠጅ አተላ በጄሪካን ለምነው አምጥተዋል፤ እርሾው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በኮሶዬ ብርድ ጋቢያቸውን ለጄሪካኑ አልብሰው እሳቸው በሸሚዝ ቀርተዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«አባይነሽ፣ አጥፍቻለሁ» አሉ። ጄሪካኑን ለእሷ ሰጥተው ወደ ኋላ ቆሙ።

አተላውን ራሷ ጨመረች። «ይፈላ ይሆን፣ አያ ሰውአገኝ?»

«አላውቅም።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር፤ ግን አንጀቴን በሉት።

ሁለት ቀን ጋኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ዋሉ። ስለ ኢንዛይም የለ፣ ስለ ዘበኛ የለ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እውነቱን ለመናገር፣ ዝምታቸው ከጋኑ ዝምታ ይልቅ አስጨነቀኝ። በሦስተኛው ቀን አባይነሽ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ቆየችና እልል አለች። ክዳኑን ስታነሳው አረፋው እስከ አንገቱ ደርሷል። መምህሩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

እኔም በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«መምህር፣ አሁን እውስጡ ምን እየተሠራ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምሳ እስኪቀርብ ድረስ አላቆሙም፤ እኔም አላስቆምኳቸውም።