የስፔን አበባና የሐርላ ማሽላ

አበባ መሃል ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሁሉ ቀጣፊ ነው። እኔም ከነሱ አንዱ ስለሆንኩ ሐሜት እንዳይመስላችሁ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ መምህር ነኝ፣ ሌላ አይሆንልኝም። ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት አለ። ግድግዳውን በሚሸፍነው ሸራ ላይ የደቡብ ስፔን ሜዳ ታትሟል፤ በጸደይ ማንም ሳይዘራው የሚፈነዳ ሐምራዊ አበባ፣ ዓይን ማየት እስከቻለበት ድረስ። ስንቱ የድሬ ሰው ላቡን እየጠረገ ገብቶ ስፔን ላይ ቆሞ ይገለፍጣል! እኔና እጮኛዬ ፈቲያም ገለፈጥን። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አባቷ መልኬን እንዲያውቁት ብላ ፎቶውን ወደሚኖሩበት ገጠር፣ ሐርላ ይዛላቸው ሄደች።

አባቷ ማሽላ አራሽ ናቸው። ማሽላ አራሽ ሐምራዊ አበባ ሲያይ ምን እንደሚታየው ታውቃላችሁ? አቀንጭራ! ከማሽላው ሥር ተጣብቆ እየመጠጠ የሚያደርቀው ያ የተረገመ አረም። ፎቶውን ራቅ ቀረብ አድርገው ካዩት በኋላ፣ ማሳውን በአረም አስወርሮ ለሚስቅ ሰነፍ ልጄን አልሰጥም ብለው መለሱላት።

እኔ ብልጡ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ላስረዳቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ተቀምጬ፣ አንደኛ አቀንጭራ እንዳልሆነ፣ ሁለተኛ ማሳው የእኔ እንዳልሆነ፣ ሦስተኛ አገሩ ስፔን እንደሆነና ሰዉ ይህን ለማየት ብቻ ከሩቅ እንደሚመጣ ዘረዘርኩላቸው። እሳቸው የመጨረሻዋን ብቻ ያዙ።

«አረም ለማየት?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«አይተው ያርሙታል?»

«አይ... ፎቶ ይነሳሉ።»

«አንተም አብረሃቸው ነበርክ?»

«እኔ እንኳ እዚሁ መጋላ ነበርኩ። ሸራ ነው።»

ምነው አፌን በቆረጠው! እስከዚያች ደቂቃ ሰነፍ ብቻ ነበርኩ፤ በራሴ ማብራሪያ ውሸታምም ሆንኩ። አጠገባችን የቆመችው ፈቲያ አንገቷን ደፋች። አባቷ ግን ቅዳሜ በጠዋት ማሳቸው ላይ እንድገኝ አዘዙኝ።

ተገኘሁ። ማሽላው መሃል አቀንጭራው አብቧል። ጎንበስ ብዬ ስነቅል፣ ስነቅል ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች፤ ጠመኔ የለመደ እጄ ተላላጠ። በመጨረሻ አባቷ አንዱን ነቅለው አበባውን ወደ ፊቴ አስጠጉት።

«ያምራል፣ አይደል?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያምራል። ስለ ቀለሙም ሆነ ስለ ቅጠሉ አቀማመጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ማስተማር እችል ነበር።

«አላየሁትም፣ አባቴ» አልኩ፣ ከነቀላዬ ቀና ሳልል።

«ሽማግሌህን ላክ።»