በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ላይ የተደረገ ማሻሻያ

ታሪክን ከራሱ ስህተት ለማዳን ቆርጦ የተነሳ አንድ የሎስ አንጀለስ ፊልም ኩባንያ፣ ከሞቱ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አንድ ፕሬዚዳንት አሻሽሎ ለሕዝብ ለማቅረብ ወሰነ። ሰውየው በሕይወት ሳሉ አጭርና ቦርጫም ነበሩ፤ ድምፃቸውም እንደ ትንኝ የቀጠነ። ኩባንያው ይህን ሁሉ ጉድለት በሆደ ሰፊነት ይቅር ብሎ፣ በየበሩ የሚያጎነብስ ረጅምና ድምፁ የሚያስገመግም ተዋናይ ሾመላቸው።

ሥራው በእውነት ላይ የተመሠረተ እንዲሆንም ፕሮፌሰር ኦርቪል ታኬት አማካሪ ሆነው ተቀጠሩ። ታኬት ሠላሳ ዓመት ያጠኑት እኚህኑ ፕሬዚዳንት ነው። ቁመቱን ተቃወሙ፤ ተመዘገበ። ፕሬዚዳንቱ ጨርሶ ያልረገጡትን የጦር ሜዳ ተቃወሙ፤ ይህም ከምስጋና ጋር ተመዘገበ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ከሰውየው የቀረችው ብቸኛ የድምፅ ቅጂ ፊልሙ ሲያልቅ ትሰማ። እሷ ከተሰማች ሠላሳ ዓመታቸው ከንቱ አልቀረም። አዘጋጇ ዴልፊን ክሮስ ተስማማች።

እንደ አገሩ ደንብ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ከገበያ አዳራሽ ለተለቀሙ ሦስት መቶ ሰዎች ታየ፤ አስተያየታቸውንም በካርድ ሞሉ። በዚያ አገር ሕገ መንግሥት ይሻሻላል እንጂ ካርድ አይሻርም።

በማግስቱ ዴልፊን ታኬትን አስጠርታ ካርዶቹን ዘረጋችላቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ሰው ፊልሙን ወዶታል። መጨረሻ ላይ ያለውን ድምፅ ግን ጠልቶታል።»

«እሱ እኮ የራሳቸው ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አንዱ ግን ‹ይሄ ሰውዬ ፕሬዚዳንቱን መምሰል አልቻለም፤ አባሩት› ብለዋል።»

«ራሳቸውን እንዴት ነው የሚመስሉት?»

«እኔም የምልዎት እሱን ነው፤ አልቻሉም።»

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው ተረት የተተረተው ካርድ ከመፈልሰፉ በፊት ነው። ፕሬዚዳንቱ ተባረሩ፤ በቦታቸው ተዋናዩ አስገመገመ። ታኬትን ንዴት ሊገድላቸው ደረሰ፤ ስማቸው ግን «የታሪኩ እውነተኛነት ዋስ» ተብሎ በጉልህ ወጣ። ፊልሙም ሽልማቱን ጠራርጎ ወሰደ።

የሚያስተምሩበት ኮሌጅ ሲከፈት፣ ድሮ ስድስት ተማሪ የሚያንጎላጅበት የታኬት ክፍል መቆሚያ ጠፋበት። ታኬት የፕሬዚዳንቱን ንግግር ሊያነቡ ጉሮሯቸውን ጠረግ ሲያደርጉ፣ ሳያስቡት ያ የሚያስገመግም ድምፅ ወጣላቸው። ተማሪው ቆሞ አጨበጨበ። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያቸው ነበርና ደስ አላቸው።

ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ፕሮፌሰር፣ የእሳቸው እውነተኛ ቅጂ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ያሰሙናል?»

ታኬት ቅጂዋ ያለችበትን መሳቢያ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«ተይው ልጄ፤ ብዙም እሳቸውን አይመስልም።»