በአየር ነው በመንገድ?

ያልተጠየቀውን ርቀት የሚናገር ሰው የሚጠፋበት ቤተሰብ የለም። "ነገ መንገደኛ ነኝ" ማለት ብቻ ይበቃል፤ ጓዳም ቢሆን ሰምቶ ይመጣል።

የአንዲት ልብስ ሰፊ ታላቅ ወንድም እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ሥራቸው ሬዲዮ መጠገን ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን "ክቡር ካፒቴን" ይላቸዋል። የከተማ ስም የተነሳ እንደሆነ፣ "በአየር ነው በመንገድ?" ይሉና መልሱን ሳይጠብቁ ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ያራርቃሉ። ብርጭቆዎቹ ሁለቱ አየር ማረፊያዎች ናቸው፤ የጨው ዕቃው ተራራ፣ ማንኪያው አውሮፕላን። መንገዱ ተራራውን ሲዞር አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ይፈጃል፤ ማንኪያው ግን ቀጥ ብሎ በሦስት መቶ ይገላገላል። "በረራው ሃምሳ ደቂቃ፤ ነፋስ ከገጠመው አንድ ሰዓት።" አንድ ጎረቤት ይህንኑ ቆሞ ሲያዳምጥ በረራው አምልጦታል። እህታቸው በእሳቸው ፈንታ ይቅርታ ስትጠይቅ ነው የኖረችው።

አንድ ጠዋት ለልብስ ሰፊዋ ስልክ ተደወለላት። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጇ ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል ገብታለች፤ ኦፕራሲዮን ሳያስፈልጋት አይቀርም። በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ነው። አውሮፕላን እንዳትሳፈር ደግሞ፣ ሴትዮዋ ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ እንኳ ከፍታ ፈርታ ግድግዳ የምትይዝ ናት። ይህን የሚያውቁት ካፒቴን ኮታቸውን ለበሱ። "አብሬሽ ነኝ" አሉ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ዓይኗን ጨፈነች። እሳቸው በጆሮዋ ያወሩላት ጀመር፤ አሁን ወንዙን አለፍን፣ አሁን ተራራው ከእግራችን በታች ነው፣ ይሄ መንገጫገጭ ከነፋሱ እንጂ ከሞተሩ አይደለም። ለዓመታት ያሰለቻት ወሬ ዛሬ መደገፊያ ሆነላት።

"እኩሌታው ላይ ደረስን" አሏት። "ከዚህ በኋላ ከቤትሽ ይልቅ ልጅሽ ትቀርብሻለች።"

ያኔ ገና ተነፈሰች።

ካረፉ በኋላ ሰው ሁሉ ሲወርድ ካፒቴን አልተነሱም። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፤ ቀበቶውን ቢነካኩትም አልፈታ ብሏቸዋል። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ ፈታችላቸው።

"ጋሼ፣ ተሳፍረህ አታውቅም እንዴ?" አለች እህታቸው።

"የት እሄዳለሁ ብዬ?" አሉ ቀስ ብለው። "እናንተ ስትሄዱ ግን የት እንደደረሳችሁ እያሰብኩ ነው የምቀመጠው።"

ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን አወረደቻቸው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ልጅቱ ያለ ኦፕራሲዮን በሰላም ተገላግላ ተኝታለች። ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን ሳመቻትና ለወንድሟ ወንበር ፈልጋ አስቀመጠቻቸው። ነርሷ ሕፃኗን ልታቀብላት ስትል እጇን አልዘረጋችም።

"መጀመሪያ እሱ ይታቀፋት" አለች።